ጋቢ የለበሰችው ፍሪጅ

አጎቴ ጋሼ ዋልልኝ ቤት ፍሪጅ የገባችው በሙሽራ ወግ ነው። ከአይሱዙ ላይ ተሸክመው ሲያወርዷት ሚስቱ እትዬ ሠናይት እልል አለች፤ የሰፈሩም ሴት ተቀብሎ አቀለጠው። የገዛችው የእትዬ ሠናይት እህት ፍቅርአዲስ ናት፤ ኩዌት የሰው ፎቅ ስትወለውልና የሰው ልጅ ስታጥብ ወገቧ ጎብጦ የተመለሰችው። የለፋችው እሷ፣ ደረቱን የነፋው ጋሼ ዋልልኝ። "ፍሪጄ" ነው የሚላት። አንተ በየት በኩል ገዛሃት የሚለው ሰው አልነበረም።

ለመሆኑ ደብረ ታቦር ላይ ፍሪጅ ምን ይሠራል? የጉና ነፋስ እየወረደ ጆሮ የሚቆርጥበት ከተማ ነው። ውሃ በጀሪካን ደጅ ቢያድር ጠዋት ጥርስ ያንገጫግጫል። ግን ፍሪጅዋ ለመታየት እንጂ ለማቀዝቀዝ አልመጣችም። ስለዚህም ማድ ቤት አልገባችም። ማድ ቤት ማን ያያታል? ሳሎን ውስጥ፣ በሩ ሲከፈት ፊት ለፊት፣ ጀርባዋን ለግድግዳ ሰጥታ ቆመች። አናቷ ላይ ዳንቴል፣ ዳንቴሉ ላይ የፕላስቲክ አበባ። እንዲያ አድርገው ሰው እንዲያያት ካቆሟት በኋላ ደግሞ የሰው ዓይን ፈሩላት። የእነዚያ ሰዎች ነገር እንዲህ ነው።

እኔ ያኔ አምስተኛ ክፍል ገብቼ ነበር። ጉና ሥር ያለው የእኛ ሰፈር ትምህርት ቤት አራተኛ ላይ ያበቃል። ከዚያ በኋላ ወይ ከተማ ዘመድ ይኖርሃል፣ ወይ ደብተርህን ትሰቅላለህ። እናቴ ዓለሚቱ የጋሼ ዋልልኝ ታናሽ እህት ናት። ስንት ሽማግሌ ከተላከ በኋላ ነው "እሺ፣ ልጁ ይምጣና ይማር" የተባለው። አባቴን ስታገባ ወንድሟ ለምን ለዓመታት እንዳኮረፋት ጠይቄያት ነበር። "አባትህ የሩቅ አገር ሰው ስለሆነ ነው" አለችኝ። የሁለቱን አገር የሚለየው በጋ ላይ ፍየል ዘላ የምትሻገረው ወንዝ ነው። እኔ ግን አመንኳት።

አባቴ ይሻው ብረት ቀጥቃጭ ነው። ማረሻ፣ ማጭድ፣ መጥረቢያ፤ በእኛ አገር አፈር የሚነካ ብረት ሁሉ በእሱ እጅ ያልፋል። አንዳንድ ቅዳሜ ገበያውን ሲጨርስ ድንች በአህያ ጭኖ ሊያየኝ ወደ አጎቴ ቤት ይመጣ ነበር።

ፍሪጅዋ ከገባች ወዲህ መጀመሪያ የመጣ ቀን የሆነውን አልረሳውም። የአጎቴ ልጅ ሰላማዊት፣ እኩያዬ ናት፣ ከደጅ እየሮጠች ገብታ "እማዬ! አያ ይሻው መጡ!" አለች። እትዬ ሠናይት ከተቀመጠችበት ተስፈንጥራ ተነሳች።

"ድረሽ! ጋቢውን! የአባትሽን ጋቢ አምጪ!"

ሁለቱ ተጋግዘው ፍሪጅዋን ከአናቷ እስከ እግሯ ጠቀለሏት። "ከኋላም፣ ከኋላም! በግድግዳው በኩል አስገቢው እንጂ!" ትላለች እናትየው። ሲያበቁ በመቀነት ወገቧን ጥፍር አድርገው አሰሯት። አባቴ "እንደምን ዋላችሁ" ብሎ ሲገባ ፍሪጅዋ ለሽምግልና እንደተላከ ሰው ጋቢዋን ተከናንባ ቆማለች።

ደስታዬን አልቻልኩትም። እኛ አገር የከበረ እንግዳ ሲመጣ ሴቱ ነጠላውን ያስተካክላል፤ ወንዱ ጋቢውን ደረብ አድርጎ ብድግ ይላል። ፍሪጅዋ እጅ ስለሌላት እነሱ አለበሷት፤ ሌላ ምን ይሆናል? ለነፍስ አባታቸው አልለበሰችም። ለቀበሌው ሊቀ መንበርም አልለበሰችም። ለአባቴ ብቻ! ያን ቀን አንገቴን ቀና አድርጌ ነው ቤቱ ውስጥ የተንጎራደድኩት።

ክብሩ በዚህም አላበቃም። የአባቴ መቀመጫ ከበሩ አጠገብ ያለችው ዱካ ነበረች፤ ንጹሕ አየር የሚገባበት ቦታ። እኔ ደግሞ ማንም የማይጠጣባት ሰማያዊ የቆርቆሮ ኩባያ ነበረችኝ። ሰላማዊት እንኳ የራሷ ኩባያ የላትም። አንድ ቀን በእኔ ኩባያ ውሃ ልትጠጣ ስታነሳት እናቷ በጥፊ አጮለቻት። "አየሽ? የእኔን ማንም አይነካም" አልኳት እያለቀሰች። እንዲህ ያልኩት እኔ ነኝ፤ በገዛ አፌ።

ሰኞ ጠዋት ፍሪጅዋ ሥራ አቁማ ተገኘች። ወተቱ ረግቷል፤ በረዶ ቤቷ ውስጥ የነበረው ውሃ ሆኖ ወለሉ ላይ ፈሷል። ጋሼ ዋልልኝ መሥሪያ ቤት ውስጥ ማኅተም የሚመታ ሰው ነው። ማኅተም የሚመታ ሰው ደግሞ የማያውቀው ነገር የለም። እጅጌውን ሰብስቦ ተንበረከከ። በጋቢው ላይ ጆሮውን ለጥፎ አዳመጠ። ከዚያ የሰው በር እንደሚያንኳኳ ሁሉ ኳ ኳ አደረጋት።

"ሞተሯ አኩርፏል" አለ።

"ምን አድርገናት?" አለች እትዬ ሠናይት።

"እናንተ አይደላችሁም፤ መብራቱ ነው። ከሩቅ ነው የሚመጣው። የእኛን ዳገት ሲወጣ ይደክማል።"

ማንም አልሳቀም። እኔም አልሳቅኩም፤ እኔማ መብራት እያለከለከ ዳገት ሲወጣ በሐሳቤ አይቼዋለሁ። የዚያን ዕለት ጎረቤት ሰው ሞቶ ጋሼ ዋልልኝ ለቀብር ጋቢው አስፈለገው። ፍሪጅዋ ተገፈፈች። ማታውን እር... ብላ ተነሳች። "አላልኩም?" አለ ከለቅሶ ቤት ተመልሶ፤ "መብራቱ አርፎ ነው የመጣው።" ለማንኛውም ብሎ ስታብላይዘር የሚባለውን ሣጥን ገዝቶ አጠገቧ አስቀመጠላት። ሣጥኑም ዳንቴል ተደረገለት።

አባቴ ደግሞ መጣ፤ ፍሪጅዋ ለበሰች፤ አባቴ ሄደ፤ ፍሪጅዋ ቆመች። እትዬ ሠናይት ጋቢውን የምታወልቅላት ሲታወሳት ነው፤ አንዳንዴ እሑድ፣ አንዳንዴ ማክሰኞ። ያወለቀችላት ቀን ትነሳለች። ከዓይናቸው ሥር የተሰጣውን ነገር አንድ ቀን እንኳ አላዩትም።

ቀጥሎ ጥፋተኛ የተባልኩት እኔ ነኝ።

"ልጁ ነው" አለ ጋሼ ዋልልኝ እራት ላይ፣ እኔ ፊቱ ተቀምጬ። "የገጠር ልጅ፣ ከኩራዝ ሌላ መብራት አያውቅ፣ የውስጧን አምፖል ለማየት ቀን ሙሉ ሲከፍት ሲዘጋ ይውላል።"

"ጋሼ ሙት፣ ሁለቴ ብቻ ነው የከፈትኳት።"

"በእኔ ይምላል ደግሞ!"

ጆሮዬን ይዞ ከገበታው አስነሳኝ። በማግስቱ የፍሪጅዋ በር በቁልፍ ተዘጋ፤ ቁልፉን እትዬ ሠናይት ከማተቧ ጋር አንገቷ ላይ አሰረችው። እንደተቆለፈች አባቴ መጣ፤ እንደተቆለፈች ለበሰች፤ እንደተቆለፈች ቆመች። ታዲያ "አዳነ፣ አጥፍተናል፣ አንተ አይደለህም" ያለኝ አለ? ይቅርታ የምትባለዋ ዕቃ እዚያ ቤት አልተገዛችም።

ያኔ ነው ሞላ የተጠራው። ሞላ ሬዲዮም፣ ምድጃም፣ ሞባይልም የሚፈታ ሰው ነው። መፍታቱን ይችላል፤ የመግጠሙን ነገር ለፈጣሪ ይተወዋል። ገና ሳይነካት "ጋዝ ጨርሳለች" አለ። ከዚያ "የበሯ ጎማ ልሟል" አለ። ከዚያ "ይሄ ሞዴል ዱሮም ሰነፍ ነው፤ እኔ ባሕር ዳር ሃምሳውን ፈትቻለሁ" አለ። አባቴ ትናንት መጥቶ ስለነበር ፍሪጅዋ ለብሳለች። ሞላ በጋቢው ሥር እጁን ወደ ጀርባዋ ሰደደና ጮኾ መለሰው።

"ውይ! እሳት ሆናለች እኮ! ይቺ ትኩሳት ይዟታል። ትኩሳት ለያዘው ጋቢ ይደረባል እንዴ? አውልቁላት እንጂ!"

"አንተ" አለ ጋሼ ዋልልኝ፣ "ጋቢ ሙቀት ይይዛል አይደል?"

"ይይዛል።"

"ሙቀት ከያዘ ቅዝቃዜም ይይዛል። ቅዝቃዜዋ እንዳይወጣ ነው የሸፈንናት።"

ሞላ ጥቂት አሰበ። እጁ አሁንም ቀልቷል። "እሱስ እውነት ነው" አለ። "እንግዲያው ጋዝ ነው።" አንድ ብሎን ፈትቶ፣ አንዱን ብሎን ኪሱ ጨምሮ ሄደ።

ዛሬ ገሳይ ከተማ ላይ የብየዳ ቤት አለኝ። ሚስቴ ከጎኔ ለስላሳ ትሸጣለች። ፍሪጅ ስንገዛ ያወረደልን የመኪና ረዳት፣ ገና ጢም ያላበቀለ ጎረምሳ፣ "ከግድግዳው ፈቀቅ አድርጓት፤ የውስጧን ሙቀት የምትተፋው በጀርባዋ ነው፤ ከታፈነች ሞተሯ ግሎ ራሱን ያጠፋል" አለኝ። እንደ ቀልድ ብሎኝ ሄደ። እኔ የብየዳ መነጽሬን እንዳደረግሁ ድንጋይ ላይ ቁጭ አልኩ።

ፍሪጅዋ የምትለብሰው አባቴ ሲመጣ ነው። የምትቆመው ስትለብስ ነው። እነሱ ግን መሐል ያለውን ጋቢ ዘለው፣ አባቴ ሲመጣ እንደምትቆም ብቻ አዩ። ማየትም አይደለም፤ ከመቆሟ በፊት አውቀውታል። ብረት ቀጥቃጭ ቡዳ ነው፣ ዓይኑ ያረፈበት እህል ይበላሻል የሚሉ ሰዎች ናቸው። በአባቴ ማረሻ ታርሶ፣ በአባቴ ማጭድ ታጭዶ የመጣውን እንጀራ ከአባቴ ዓይን ይከድኑታል። መሶብስ እሺ፣ ከአያቶቻቸው የወረሱት ነው። በር ያላትን፣ ያውም በቁልፍ የተዘጋችን ፍሪጅ በጋቢ መጠቅለል ግን የራሳቸው የምርምር ውጤት ነው።

ያኔ ከሞላ ቀጥሎ ደብተራ ተጠርቶ ክታብ ተጻፈላት። ክታብ ሲጻፍ የክርስትና ስም ይጠየቃል፤ ምን ብለው እንደነገሩት እስከ ዛሬ ይገርመኛል። ክታቡ በቆዳ ተሰፍቶ እጀታዋ ላይ ተንጠለጠለ። ጋሼ ዋልልኝ ባለ ዲፕሎማ ነው፤ እንዳትረሱ።

ክታቡም አልያዘም። አንድ ቀን ከትምህርት ቤት ስመለስ ባልና ሚስት ጓዳ ሲያወሩ ሰማኋቸው።

"ሁልጊዜ ከገበያ ማግስት ነው። እሱ ሲመጣ ነው" ትላለች።

"ታዲያ ምን ልበለው? የእህቴ ባል ነው።"

"እኔ አላውቅም! አንድ ቀን ሰው ፊት ታዋርደናለች።"

እኔ የገባኝ፣ ለአባቴ የሚመጥን መስተንግዶ አነሰን ብለው እንደተጨነቁ ነው። አሳዘኑኝ። አባዬ ነገር አያበዛም፣ ባቄላ ቆሎም ይበቃዋል ብዬ ልነግራቸው ሁሉ አስቤ ነበር።

ከፋሲካ በኋላ ዳግማ ትንሣኤ ደረሰ። ጋሼ ዋልልኝ የመሥሪያ ቤቱን ኃላፊ አቶ ደሴን ለእሑድ ምሳ ጠርቷል። የዕድገት ነገር አለበት፤ ማኅተም ከመምታት ወደ መፈረም ሊሸጋገር ነው። የቅርጫ ሥጋው ዓርብ ማታ ፍሪጅ ገባ። ቢራውም ተደረደረ። "አቶ ደሴ ቀዝቃዛ ነው የሚወዱት" እየተባለ ሁለት ቀን ተወራ።

ቅዳሜ ከሰዓት አባቴ መጣ። እንግዳ እንደሚጠሩ ሰምቶ ለሥጋው ትሆናለች ብሎ ራሱ የቀጠቀጣትን ቢላዋ በጨርቅ ጠቅልሎ ይዟል። የበልጉ ዝናብ ወረደ፤ ወንዙ ሞላ፤ ወደ ጉና መመለስ አልቻለም። እዚያው አደረ። ፍሪጅዋ ያን ቀን ጋቢ ብቻ አልለበሰችም። በጋቢው ላይ የሙሽርነታቸው ብርድ ልብስ ተደረበ፤ ክታቡ ከላይ ወጣ። እኔ አባቴን በክርኔ ነካ አድርጌ አሳየሁት። ሁለት ልብስ! አባቴ አየና ዓይኑን ወደ ዝናቡ መለሰ። ትሕትናው ነው አልኩ።

እሑድ አቶ ደሴ መጡ። ሙሉ ልብስ የለበሱ፣ ዲግሪ ያላቸው፣ ሲያወሩ ጣታቸውን የሚያነሱ ሰው ናቸው። ሶፋው መሐል ተቀመጡ። አባቴ በበሩ አጠገብ ዱካው ላይ ነው። እትዬ ሠናይት ብርድ ልብሱንና ጋቢውን በአንድ ጎን ገልጣ፣ ቁልፉን ከአንገቷ አውልቃ አዙራ፣ ቢራ አውጥታ ከፈተች። አረፋው ተንቦልቡሎ እጇ ላይ ፈሰሰ። ከውስጥ የወጣውን የሥጋውን ሽታ እኔም አሽትቼዋለሁ።

አቶ ደሴ አንዴ ተጎንጭተው ብርጭቆውን ዓይናቸው ድረስ አነሱት።

"ዋልልኝ፣ አፍልታችሁት ነው እንዴ?"

ጋሼ ዋልልኝ ሳቀ። እንዲያ ሲስቅ አይቼው አላውቅም፤ ድርቅ ያለ እንጨት ሲሰበር ይመስላል። እትዬ ሠናይት ግን አልቻለችም።

"ሥጋውም ሄዷል!" አለች። "ሌሊቱን ነው! እኔ ተናግሬያለሁ፤ ይቺ ዓይን ናት! እዚሁ ቁጭ ብላ ያደረች ዓይን!"

አቶ ደሴ ዞር ብለው በሩ አጠገብ የተቀመጠውን አባቴን አዩ። ከዚያ እጁን አዩ፤ በፍም የተጠበሰውን ጣቱን። ገባቸው። ዲግሪ ያላቸው ሰውዬ የኮታቸውን ጥግ ሳብ አድርገው ፊታቸው የቀረበውን ሳህን ሸፈኑት። በዓይኔ በብረቱ ነው ያየሁት። ያኔ ዝንብ መስሎኝ ነበር።

"ይሻው" አለ ጋሼ ዋልልኝ፣ ጉሮሮውን ጠርጎ። "አንተ ክፉ ሰው አይደለህም። ይህን እኔ እመሰክራለሁ።"

"እግዜር ይስጥልን።"

"ሰው ግን የተፈጠረበትን ምን ያደርገዋል? አንተም አትቀየመን። ልጁ ይማር። እኛ ጋ ይሁን፤ አንከለክልም። አንተ ግን ከእንግዲህ... ገበያው ላይ ብታገኘው አይሻልም? ሰላማዊት ቅዳሜ ቅዳሜ ታመጣልሃለች።"

አባቴ ወደ እኔ ተመለከተ። ነገሩ የተበላሸ መሰለኝ። አባቴ ካልመጣ ይህ ሁሉ ክብር ለማን ሊሆን ነው? አላስቻለኝም።

"ጋሼ፣ አባዬማ ይምጣ! እሱ ሲመጣ አይደለም እንዴ ፍሪጅዋን የምታለብሷት? ለሌላ ሰው አትለብስም እኮ። ለአቶ ደሴ እንኳ አልለበሰችም፤ ይሄ የአባዬ ነው፤ ትናንት ነው የለበሰችው!"

ሰላማዊት አፏን በመዳፏ ያዘች። ጋሼ ዋልልኝ ጣራ ጣራ አየ። እትዬ ሠናይት ነጠላዋን ስታስተካክል አየሁና ደስ አለኝ፤ ይኸው፣ አከበረችው አልኩ።

አባቴ ቀስ ብሎ ተነሳ። ረጅም ሰው ነው፤ ሲነሳ ቤቱ ይጠብ ነበር። ወደ ፍሪጅዋ ሄዶ መቀነቱን ፈታ። ብርድ ልብሱን አነሳ፤ አጥፎ ወንበር ላይ አስቀመጠ። ጋቢውን አነሳ፤ እሱንም አጠፈ። ቁልፉ በሯ ላይ ነበር።

"ምን ልታደርግ ነው?" አለ ጋሼ ዋልልኝ።

"ያላየሁትን አይተሃል ስባል ነው የኖርኩት ጌታው። ዛሬ ልየውና ይለይልን።"

በሯን ወለል አድርጎ ከፈታት። አምፖሉ ቦግ ብሎ ፊቱን አበራው። እትዬ ሠናይት "በስመ አብ!" ብላ ሰላማዊትን ወደ ጉያዋ አስገባች። አቶ ደሴ ሳህናቸውን ይዘው ሶፋው ጥግ ድረስ ተንሸራተቱ። አባቴ አልቸኮለም። ጎንበስ ብሎ አንድ በአንድ አየ።

"ሥጋ" አለ። "ቢራ። ግማሽ ሽንኩርት። ይቺ ምንድን ናት? ሎሚ። የደረቀች ሎሚ።" ቀና አለ። "ጋቢና ብርድ ልብስ፣ ለዚህ ነው?"

በሯን ገጭ አድርጎ ዘጋት፤ ግን በቀስታ ነው፤ የሰው ዕቃ እንደሚያከብር ሰው። "አዳነ፣ ደብተርህን ያዝ" አለኝ።

በመንገድ ሁሉ እኔ ነኝ የማወራው። ከፍቶ ያየ የመጀመሪያው እንግዳ እሱ ነው፣ አቶ ደሴ እንኳ አላዩም፣ እትዬ ሠናይት ከመደነቋ የተነሳ አማተበች አልኩት። ወንዙን በትከሻው ተሸክሞ ሲያሻግረኝም አላቆምኩም። ሰፈራችን ገብቼ ለእናቴ አወራሁ፤ ለጎረቤት አወራሁ። ለአባቴ ፍሪጅ ጋቢ ለብሳ ትነሳለታለች! እናቴ ድንች መላጧን አላቋረጠችም። አንድ ሰው፣ አንድ ትልቅ ሰው እንኳ፣ "ተው አንተ ልጅ" አላለኝም።

ትምህርቴ ግን ቀረ። ፈተናው እየደረሰ ነበር። አባቴ በየማታው ደብተሬን አገላብጦ ያያል፤ ማንበብ አይችልም፤ ጽሑፉ የት ላይ እንደቆመ ግን ያያል።

አንድ ቅዳሜ ገበያው ዳር፣ ባሕር ዛፉ ሥር፣ አባቴ ፍሙን አቀጣጥሎ የአንድ ገበሬ ማጭድ ሲቀጠቅጥ ሰላማዊት መጣች። እናትና አባቷ ልከዋት ነው።

"አዳነ ይምጣ ተብሏል" አለች ለአባቴ፣ ፈንጠር ብላ ቆማ። "ፈተናውን ይፈተን፣ እኛው ጋ ይሁን ብሏል አባዬ። ብቻውን ከመጣ።"

"ፍሪጅዋስ?" አልኳት እኔ።

"ድናለች! እናንተ ከሄዳችሁ ወዲህ አንድ ቀን አልቆመችም። እማዬ ለክታቡ ስለት አስገባች።"

እስከ ዛሬም በዚያ ቤት እውነቱ ይኸው ነው። ቀጥቃጩ ቀረ፤ ፍሪጅዋ ዳነች። ማን ይከራከራቸዋል? ማስረጃው ሳሎናቸው ቆሞ እር... ይላል። እኔም አልነግራቸውም። ከነዕውቀታቸው ይቀበሩ።

"ሂድ" አለኝ አባቴ። "እኔ ብቀር ምን አለበት? ገበያ እዚህ አለሁ። አንተ ተማር።" ድምፁን ዝቅ አደረገ። "ስድስተኛ፣ ሰባተኛ እያልክ ትሄዳለህ። ከዚህ ፍም ትወጣለህ።"

እኔ ግን ሌላ ነገር ከንክኖኛል። "ሰላማዊት፣ አሁን ፍሪጅዋን ታለብሷታላችሁ?"

"አሁን ለማን ብለን? ጋቢውን አባዬ እየለበሰው ነው።"

"ማንም ቢመጣ?"

"ማንም ቢመጣ።"

ደሜ ፈላ። "በይ እንግዲያው ሂጂ" አልኳት። "አባቴን ማክበር ከተዋችሁ እኔም እናንተ ቤት አልገባም። ንገሪያቸው።"

ሰላማዊት ልትስቅ ከንፈሯ ተከፈተ። አባቴ አያት፤ ተመልሶ ተዘጋ። ከዚያ ወደ እኔ ዞረ። እኔን ወደ ትምህርት ቤት ለመመለስ አንድ ዓረፍተ ነገር ይበቃው ነበር። ልጄ፣ እሱ ክብር አልነበረም ማለት ብቻ። አፉን ከፈተ። ማጭዱ ፍሙ ውስጥ ነጭ እየሆነ ነው፤ ባለቤቱ ገበሬ ቆሞ ይጠብቃል፤ ሰላማዊት ቆማ ትጠብቃለች። እኔም አገጬን ቀና አድርጌ፣ በአባቴ እየኮራሁ፣ ቆሜ እጠብቃለሁ።

አባቴ አፉን ዘጋ።

"በል" አለኝ፣ "ወናፉን ያዝ።"